ገና ለምን ታኅሣሥ 29 ቀን ሆነ?

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ይመጣሉ። አንደኛው «ፈረንጆቹ አክብረው ጨርሰዋል፤ እኛ ለምን ዘገየን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይጎረብጣል፦ «ለመሆኑ ክርስቶስ በዚያ ቀን እንደተወለደ መጽሐፍ ቅዱስ የት ቦታ ይናገራል?» የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ረዘም ያለ ታሪክ አለውና እሱን እናስቀድም።

መጽሐፍ ቅዱስ የትም ቦታ አይናገርም። ማቴዎስ ዘመነ ሄሮድስን ይጠቅሳል፤ ሉቃስ የአውግስጦስ ቄሣርን የሕዝብ ቆጠራና በሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞችን ያነሣል። ወርና ቀን ያስቀመጠ ግን የለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ልባቸው ያለው ሞቱና ትንሣኤው ላይ ነበር። ልደት ማክበር ራሱ ለአንዳንዶቹ አይጥማቸውም ነበር። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪጌንስ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የልደት ቀናቸውን ሲያከብሩ የምናገኛቸው እንደ ፈርዖንና እንደ ሄሮድስ ያሉ ኃጢአተኞች ብቻ ናቸው ብሎ ተሳልቋል።

«እረኞች በታኅሣሥ ብርድ ሜዳ ላይ አያድሩም፤ ስለዚህ ልደቱ በሞቃቱ ወራት መሆን አለበት» የሚል ክርክርም አለ። ቤተልሔም ከባሕር ወለል በላይ 775 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ ሣሩም ያኔ ይለመልማል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን በግ የሚያግድ ሰው ብርድን ፈርቶ ቤት እንደማይውል ለመንዝ እረኛ መንገር አያስፈልግም። ይህ ክርክር ታኅሣሥን አያስወጣውም፤ አያስገባውምም።

ታዲያ ቀኑ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ የልደቱን ቀን ለማወቅ የሚጓጉ ሰዎች እንዳሉ ጽፏል። እሱ እንደሚለው አንዳንዶቹ በግብፅ ወር አቆጣጠር ከግንቦት 25 ጋር የሚገጥመውን፣ ሌሎች ደግሞ ሚያዝያ 24 ወይም 25 የሆነውን ቀን ይመርጡ ነበር። ታኅሣሥ 29 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እዚያው ላይ ግን የእኛን ጆሮ የሚያቆም አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። የባስሊደስ ተከታዮች የጌታን ጥምቀት ያከብሩ ነበር፤ ዋዜማውን ሌሊት በንባብ ያድራሉ፤ ቀኑም በግብፅ ወር ጦቢ 15 ሲሆን ከመካከላቸው ጦቢ 11ን የሚሉም አሉ ይላል። ጦቢ የእኛ ጥር ነው። ጥር 11 እንግዲህ ከ1800 ዓመት በፊት በግብፅ በጥምቀትነት ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የባስሊደስ ወገን በቤተ ክርስቲያን ዘንድ መናፍቅ ተብሎ የተወገዘ መሆኑ ነገሩን የሚያስገርም ያደርገዋል። በዓሉን ከእነሱ ወሰድን ለማለት ግን ማስረጃ የለም፤ ቀኑን ሁለቱም ወገኖች ከሌላ ምንጭ አግኝተውት ሊሆን ይችላል።

ታኅሣሥ 29፣ ማለትም በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሚገኘው ሮም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ354 ለአንድ ባለጸጋ የተዘጋጀ ባለሥዕል የቀን መቁጠሪያ አለ። በውስጡ የሮም ሰማዕታት መታሰቢያ ዝርዝር ይገኛል፤ ዝርዝሩ መነሻው እ.ኤ.አ. 336 እንደሆነ ይታመናል። በዝርዝሩ ራስ ላይ ክርስቶስ በይሁዳ ቤተልሔም ዲሴምበር 25 ተወለደ የሚል ተጽፏል። በዚያው ጥራዝ ውስጥ ደግሞ የከተማዋ የመንግሥት በዓላት ዝርዝር አለ። እዚያም ዲሴምበር 25 ላይ «የማይሸነፈው» ልደት ይልና ለክብሩ 30 የሠረገላ እሽቅድምድም እንደሚካሄድ ይጠቅሳል። ይህ «የማይሸነፈው» የፀሐይ አምላክ ነው፤ ቄሣር ኦሬሊያን እ.ኤ.አ. በ274 በሮም ቤተ መቅደስ ያሠራለት።

«ገና የጣዖት በዓል ነው» የሚለው አባባል መነሻው ይኸው ነው። በየዓመቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚዞር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሮማውያን ቀኑን ለፀሐይ ያከብሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕዝቡን ለመሳብ በዓሉን ወርሳ ስሙን ቀየረችው። ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም። ታላቁ ልዮን የሮም ጳጳስ በነበረበት በ5ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ምእመናን ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ለምትወጣዋ ፀሐይ እንደሚሰግዱ በገና ስብከቱ ላይ እየወቀሰ ተናግሯል። ሁለቱ ነገሮች በሰው ልብ ውስጥ ተደባልቀው ነበር።

ይሁን እንጂ የመረጃው ቅደም ተከተል ያን ያህል ቀላል አይደለም። የፀሐይ ልደት ዲሴምበር 25 ይከበር እንደነበር የሚናገረው የመጀመሪያው ሰነድ ያው የ354ቱ ጥራዝ ነው፤ የክርስቶስን ልደት የሚናገረውም ያው። ማን ከማን እንደወሰደ ሰነዱ አይነግረንም። በዘመኑ የነበረ ክርስቲያን ጸሐፊም «በዓሉን ከአረማውያን ወሰድነው» ብሎ አልጻፈም። ወሰዱት የሚል ግልጽ ቃል የሚገኘው በ12ኛው መቶ ዘመን በኖረው በሶርያዊው ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሌላ እጅ በጨመረው ማስታወሻ ነው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ800 ዓመት በላይ አልፎ። ሚትራ የተባለው አምላክ በዚያ ቀን ተወለደ የሚለው ደግሞ ምንም ጥንታዊ ምንጭ የለውም። ሳቱርናሊያ የሚባለው የሮማውያን ፈንጠዝያም ከዲሴምበር 17 እስከ 23 ነው፤ 25ን አይነካም።

ሌላው ማብራሪያ ስሌት ነው። ፈረንሳዊው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሉዊ ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳቀረበው፣ ክርስቲያኖች መጀመሪያ የያዙት የልደቱን ቀን ሳይሆን የሞቱን ቀን ነው። ጥንታዊው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ስቅለቱ ማርች 25 እንደዋለ ጽፏል። ቀጥሎ፣ ክርስቶስ ወደ ዓለም የመጣበትና የተሠዋበት ቀን አንድ ነው የሚል እምነት አደገ። ፅንሰቱ ማርች 25 ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ዲሴምበር 25 ይመጣል። አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ በግልጽ አስፍሮታል። በትንሹ እስያ ደግሞ ሞንታኒስት የሚባሉት ወገኖች ፋሲካን ኤፕሪል 6 ያከብሩ ነበር፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ጃንዋሪ 6 ይሆናል። ጃንዋሪ 6 ደግሞ በምሥራቅ ልደትና ጥምቀት በአንድነት ይከበሩበት የነበረው ቀን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይኼ ስሌት ነው። ሆኖም ቀዳዳ አለው። የስሌቱን ሙሉ ሰንሰለት ጽፎ የተወልን የ2ኛ ወይም የ3ኛ መቶ ዘመን ሰው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ243 የተጻፈ አንድ የፋሲካ ስሌት መጽሐፍ እንዲያውም ፀሐይ በአራተኛው ቀን መፈጠሯን ይዞ ልደቱን ማርች 28 ላይ ያውለዋል። ስሌቱና ፀሐይም ጨርሶ የተራራቁ አይደሉም። በሮማውያን አቆጣጠር ማርች 25 ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት፣ ዲሴምበር 25 ደግሞ ቀኑ አጥሮ ጨርሶ መርዘም የሚጀምርበት ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ክርስቶስን የጽድቅ ፀሐይ ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ ይህ መግጠም እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረም።

ስሌቱ በፈረንጅ ሊቃውንት መጻሕፍት ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለን፤ የእኛው ስንክሳር ውስጥ በየወሩ ተበትኖ ተቀምጧል። ሉቃስ እንደጻፈው ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ሲያገለግል መልአኩ ተገለጠለት፤ ኤልሳቤጥ ፀነሰች፤ በስድስተኛውም ወር ገብርኤል ወደ ማርያም ተላከ። ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ386 በአንጾኪያ ሲሰብክ ከዚህ ተነሥቶ ቆጠረ። ዘካርያስን በዓመታዊው የማስተስረያ በዓል ዕጣን የሚያጥን ሊቀ ካህናት አደረገው፤ ያ በዓል ደግሞ በመስከረም ገደማ ይውላል። ሉቃስ የሚለው በዕጣ የደረሰው ካህን መሆኑን ነው እንጂ ሊቀ ካህናት መሆኑን አይደለም፤ አፈወርቅ እዚህ ላይ ከጽሑፉ አልፎ ሄዷል። ብቻ ከመስከረም ስድስት ወር ሲቆጥር መጋቢት፣ ከመጋቢት ዘጠኝ ወር ሲቆጥር ታኅሣሥ ደረሰ። በዚያው ስብከት በዓሉ በአንጾኪያ ከታወቀ ገና አሥር ዓመት እንዳልሞላው ያምናል፤ አዲስ ነገር አመጣችሁብን የሚሉ ምእመናን ነበሩበትና።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያችን እንመለስ። የዮሐንስ መጥምቅ ፅንሰት መስከረም 26፣ የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29፣ የዮሐንስ ልደት ሰኔ 30፣ የጌታ ልደት ታኅሣሥ 29። ከልደቱ ስምንተኛው ቀን ጥር 6 ግዝረት ነው፤ አርባኛው ቀን ቆጥረው ሲደርሱ የካቲት 8፣ ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን የታቀፈበት ቀን ይሆናል። በጣት ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። መጋቢት 29 ደግሞ ጥንተ ትንሣኤ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት ይታሰባል። ጠርጡልያኖስ ማርች 25ን ለስቅለቱ ሲሰጠው፣ እኛ የወረስነው የእስክንድርያ ትውፊት ያንኑ ቀን ለትንሣኤው ሰጥቶታል። ፅንሰትና ፋሲካ አንድ ቀን ላይ መገናኘታቸው ግን በሁለቱም ዘንድ አለ። በየወሩ 29 ቀን በዓለ ወልድ ሲባል የምንሰማውም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው።

መጋቢት 29 አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የብሥራቱን በዓል በደስታ ማክበር አልተመቸም። ለዚህ ነው ታኅሣሥ 22 ሌላ የብሥራት በዓል ያለን። በተአምረ ማርያም መጀመሪያ ላይ የምናገኘው የጠልጥልያው ጳጳስ ደቅስዮስ እንዳቋቋመው ይነገራል። ጠልጥልያ በስፔን ያለችው ቶሌዶ ናት፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ656 የተደረገ ጉባኤ የብሥራትን በዓል በጾም ምክንያት ወደ ዲሴምበር 18 አዛውሯል። ዲሴምበር 18 በጥንቱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ነው። አንድ የስፔን ጉባኤ ውሳኔ በስንት አገርና በስንት ቋንቋ ተሻግሮ ወደ እኛ ግጻዌ እንደደረሰ ማሰብ ያስደንቃል።

ልደትን ከጥምቀት ለይቶ በታኅሣሥ ማክበር ወደ ምሥራቅ የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው። ግብፅ እስከ 5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሁለቱን በአንድ ቀን ታከብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ432 ጳውሎስ ዘኤሜሳ በእስክንድርያ፣ በፓትርያርኩ በቅዱስ ቄርሎስ ፊት የልደትን ስብከት ሰበከ፤ ቀኑ ኮያክ 29 ነበር። ኮያክ ታኅሣሥ ነው። አክሱም አባ ሰላማን ከአትናቴዎስ እጅ ተቀብላ ሥርዓቷን ከእስክንድርያ ጋር ያያዘች አገር ስለሆነች፣ ታኅሣሥ 29 ወደ እኛ የመጣበት በር ግልጽ ነው። ኢየሩሳሌም ራሷ፣ ቤተልሔም ደጇ ላይ ሆና፣ እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ድረስ አልተቀበለችውም። አርመኖች ደግሞ እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም፤ ልደትና ጥምቀትን አሁንም በአንድ ቀን ያከብራሉ።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ ቤተልሔም ይሂድ። በልደት ቤተ ክርስቲያን ገና በዓመት ሦስት ጊዜ ይከበራል። ዲሴምበር 25 የካቶሊኮቹ ነው። ጃንዋሪ 7 ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ ግብጻውያንና የእኛ ሰዎች ያከብራሉ። ጃንዋሪ 19 ደግሞ በጥንቱ አቆጣጠር የሚሄዱት የቅድስቲቱ አገር አርመኖች ተራ ይደርሳል። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ጃንሜዳ ጥምቀት ላይ ነው፤ ጥር 11።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀላል። እኛ አልዘገየንም፤ ፈረንጆቹም አልቀደሙም። ታኅሣሥ 29 እና ዲሴምበር 25 ሲጀመር አንድ ቀን ነበሩ። ዩልዮስ ቄሣር ያቋቋመው አቆጣጠር አንድን ዓመት 365 ቀን ከሩብ ያደርገዋል። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያጥራል። 11 ደቂቃ ምን አላት ቢባልም በ128 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ይህን ለማረም 10 ቀን ዘለለ፤ ሰዉ ኦክቶበር 4 ሐሙስ ተኝቶ ኦክቶበር 15 ዓርብ ተነሣ። እንደገና እንዳይዛነፍም በ400 የማይካፈሉት የመቶ ዓመት መዝጊያዎች ተጨማሪ ቀን እንዳይኖራቸው ተደረገ። በ1700፣ በ1800 እና በ1900 አንዳንድ ቀን እየተጨመረ ልዩነቱ 13 ደርሷል። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት እያደረገ ሳያቋርጥ ስለሚሄድ ከአሮጌው የሮም አቆጣጠር ጋር እኩል ይራመዳል። ዲሴምበር 25 ላይ 13 ቢጨመር ጃንዋሪ 7 ይሆናል።

የዓመቱ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የመጣው ልደቱ በስንተኛው ዓመተ ዓለም ነበር በሚለው ላይ ከተፈጠረ የሊቃውንት አለመስማማት ነው እንጂ ከእነዚህ 13 ቀናት ጋር አይገናኝም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ ያው ከመጋቢት 29 የሚጀምረው ቆጠራ ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው፤ አምስቷ የጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን፣ እስከ 29 ከተቆጠረ 276 ይመጣል። ሊቃውንቱ 275ቱን ላለማፍረስ ቀኑን ወደ 28 ይስቡታል። በዚህ ምክንያት ገና በእኛ ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 ስለማይነቃነቅ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ በገናና በጥምቀት መካከል ያለው 12 ቀንም 13 ይሆናል።

አገር ቤት ይህ ሁሉ ብዙ አያወዛግብም፤ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም ታኅሣሥ 29 ያከብራል፤ ጨርሶ የማያከብሩት እንደ ይሖዋ ምሥክሮች ያሉት ናቸው። ችግሩ የሚሰማው በውጭ ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ቤተሰብ ልጆች ለዲሴምበር 25 ትምህርት ተዘግቶላቸው ከርመው፣ ለጃንዋሪ 7 የሌሊት ቅዳሴ ወላጆቻቸው ከሥራ ፈቃድ ሲለምኑ ያያሉ። «ለምን አንድ አናደርገውም?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቢነሣ አይገርምም። ሌሎች አድርገውታል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1924 አቆጣጠሯን ስታሻሽል የጥንቱን አንለቅም ያሉ ተገንጥለው ወጡ፤ እስከ ዛሬም አሉ። የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ዲሴምበር 25 ስትዞር፣ ዋናው ምክንያት ከሞስኮ መለየት እንጂ የኮከብ ስሌት አልነበረም። በተቃራኒው ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ጃንዋሪ 7ን የመላ አገሪቱ የሥራ መዝጊያ በዓል አድርጋዋለች።

ቀኑን አንድ እናድርግ የሚል ሰው እንግዲህ ሰንሰለቱን በሙሉ መንካት ይኖርበታል። ገናን ብቻ ወደ ታኅሣሥ 16 ብንስበው ከመጋቢት 29 ጋር አይቆጠርም፤ ጥር 6 ስምንተኛ ቀን መሆኑ ይቀራል፤ የካቲት 8ም አርባኛ አይሆንም። ሁሉንም አብረን ከሳብን ደግሞ ነገሩ በዓል ማዛወር መሆኑ ቀርቶ የዘመን አቆጣጠር መለወጥ ሆነ።

ሳይነኩትም ቢሆን ጃንዋሪ 7 ለዘላለም አይቆይም። እ.ኤ.አ. 2100 በ400 ስለማይካፈል ፈረንጆቹ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 አይኖራቸውም፤ እኛ ግን ጳጉሜን ስድስትን በ2091 ዓ.ም. አስገብተን እንጨርሳለን። ልዩነቱ 14 ቀን ይሆናል፤ የ2093 ዓ.ም. ገናም ያው ታኅሣሥ 29 ሆኖ በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 8 ቀን 2101 ይውላል።